ለዳገቱ የሚበቃ ናፍጣ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እኔ ደጅ ሳይመጣ አይቀርም። ጡረታ ወጥቼም አልተዉኝ። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ያለው መምህር ስንት ዘመን የቆጠበላትን አሮጌ መኪና ይዞ መጣና፣ እትዬ ብርቄ፣ ነዳጅ ሙሉ ማድረግ ነው የሚሻለው ወይስ በትንሽ በትንሹ መቅዳት ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩ ላይ ሲያነብ ነው የከረመው። አንዱ ግማሽ ይበቃል ይላል፣ አንዱ ሙሉ የነዳጅ ጋን መኪና ያከብዳል ይላል፣ ሌላው ደግሞ በጠዋት ብርድ ቅዳ ይላል። ስልክህን ኪስህ ክተተው አልኩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። ወዴት ነህ?

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔ በዚህ ነገር አልቀልድም። ለምን እንደማልቀልድ ለመናገር ግን የሥራ ዘመኔን ከሥሩ ማንሳት አለብኝ። ረዘመብኝ የሚል ሰው ከአሁኑ መሄድ ይችላል።

ማደያው የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። መጀመሪያ ላቫጆው ላይ አጣቢ ነበርኩ። ከአፋር በረሃ የመጣ የጭነት መኪና አጥበህ ካላወቅህ አቧራ አውቃለሁ አትበል፤ ውሃው ሲፈስ ቀይ ወጥ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ የሞተር ዘይት የሚሸጥባትን ጠባብ ክፍል ሰጡኝ። ከዚያ አንዱ ቀጂ ታሞ ሲቀር ለጊዜው ብለው ፓምፕ ላይ አቆሙኝ፤ ለጊዜው ያሉኝ እስከ ጡረታዬ ሆነ። ያን ጊዜ በእኛ ከተማ ሴት ናፍጣ ስትቀዳ አልተለመደም። እኔን ለማየት ብቻ ጋናቸው ሳይጎድል የሚገቡ ሾፌሮች ነበሩ። አንዱ፣ እጅሽ ናፍጣ ናፍጣ ሲል ማን ያገባሻል አለኝ። ያንተ እጅ ምን ምን ቢል ነው ሚስትህ ጥላህ የሄደችው አልኩት። አፌ አያርፍም፣ ዛሬም ያው ነኝ። ስለ ደመወዙ ባናወራ ይሻላል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሁሴን ናቸው። ረጅም፣ ደረቅ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ትውልዳቸው ከወደ አርጎባው ተራራ ነው። ማደያው ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ስንት ባለቤት ሲቀያየርበት እሳቸው ፓምፑ ሥር ነበሩ። አለቃ ሲመጣ ይነሣሉ፣ አለቃ ሲሄድ ይነሣሉ፣ ከዚያ ወደ ፓምፓቸው ይመለሳሉ። በኔ ጊዜ የነበሩት አቶ ደምሴ የሚባሉ ከደጋ የመጡ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሙቀቱን ስላልቻሉት እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው ነው የሚውሉት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ባለቤቱ ምን ይለኛል እያሉ የሚኖሩ ሰው ነበሩ።

ጋሽ ሁሴን ማንም ይምጣ ማን መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነው። «ወዴት ነህ?» ሰላምታቸው ራሱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሾፌሩ ከመለሰላቸው በኋላ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንጓ ጋኑን ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከድምፁ ምን ያህል እንዳለው ያውቁታል። አዲስ ሾፌር ሲስቅባቸው አይቆጡም፤ ስንት እንዳለው ነግረውት ሄዶ መለኪያውን እንዲያይ ያደርጉታል። እኔንም በዚሁ ነው ያስተማሩኝ። ቆጣሪውን እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው ጋን ሲሞላ ያስደምጡኛል። ባዶ ጋን ሲቀዳበት ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከሆድ ይወጣል። እየሞላ ሲመጣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ አፉ ጋ ሲደርስ ፉጨት ይሆናል። ፉጨቱ ሳይመጣ የቱቦውን ምላጭ ልቀቂ ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ዘግይቼ ጫማዬን በናፍጣ ታጥቤያለሁ።

እስከ አፉ አይሞሉም። «ለትንፋሹ ተዪለት» ነበር ቃላቸው። ማደያው ከመሬት በታች የቀበረው ነዳጅ ቀዝቃዛ ነው። ያንን ቀዝቃዛ ነዳጅ እስከ አፉ የሞላኸው መኪና የቆላው የቀወት ፀሐይ ላይ ሲቆም ነዳጁ ያብጣል፣ መውጫ ሲያጣ በክዳኑ በኩል ይንጠባጠባል። ከሥሩ ሲጋራ የጣለ ሰው ከመጣ ደግሞ የባሰ አታምጣ ነው። ስለዚህ ሙሉ አድርግልኝ ያለ ሁሉ ከጋሽ ሁሴን ሙሉ አግኝቶ አያውቅም።

የሚያሳስባቸው ግን ሙሉው አልነበረም፣ ጎዶሎው ነበር። ወደ ካራቆሬ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ትንሽ ቅዱልኝ ካለ ትንሽ ይቀዱለታል፤ ቢያልቅበት መንገድ ዳር ቆሞ ጀሪካን ይለምናል፣ ያፍራል፣ ያልፋል። ወደ ላይ፣ ወደ ጣርማ በር የሚወጣን ግን ከግማሽ በታች አይሸኙም። ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱ ቀጥ ይላል። መኪናው አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሲያነሣ ጋን ውስጥ ያለችው ጥቂት ናፍጣ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ መምጠጫው ደግሞ ፊት ነው። ናፍጣ እያለ ሞተሩ አየር ይስባል። አየር የሳበ የናፍጣ ሞተር ቶሎ አይነሣም። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑም ንፋስ ያልቃል። እንግዲህ ከኋላህ ገደል ነው።

ጉዳዩ የመጣው አሰብ ተዘግቶ ቦቴዎቹ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ ባዞሩበት ሰሞን ነው። ነዳጅ ጠፋ። ቦቴ መጣ ሲባል ሰልፉ እስከ ሮቢ ድልድይ ይደርሳል። አቶ ደምሴ ለአንድ መኪና ይህን ያህል ብቻ ብለው ልክ ወሰኑ፤ ማንም ይሁን ማን ከዚያ አያልፍም። ልኩ ለሜዳ እንጂ ለዳገት አይበቃም። ጋሽ ሁሴን ዘዴ ፈጠሩ። ወደ ታች የሚወርደውን፣ ወንድሜ፣ መንገድህ ሜዳ ነው፣ ጥቂት ልቀንስብህ፣ የሚወጣ ሰው አለ ይሉታል። እምቢ ያላቸው ትዝ አይለኝም። ያችን የተረፈች ለሚወጣው ይጨምሩለታል። ያን ሁሉ ሰሞን ከኛ ማደያ ወጥቶ ዳገት ላይ የቀረ መኪና አልነበረም።

አህመድ እስኪመጣ ድረስ። አህመድ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ሳቂታ፣ ሲነዳ የሚያፏጭ ልጅ ነበር፤ ሽንኩርትና ማሾ ከኛ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ያን ቀን ሽንኩርት ጭኖ ተራውን ጠብቆ ገባ። እኔ የቤንዚኑ ፓምፕ ላይ ነበርኩ፣ ሁሉንም አየሁ። ጋሽ ሁሴን ቱቦውን ሲያነሡ ከሰልፉ መካከል አንዱ፣ እንግዲህ ዛሬ የአባት ፓምፕ ነው፣ ጠግቦ ይሄዳል አለ። ለጨዋታ ነው ያለው። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ሁሴን አልሳቁም። ጋኑን አላንኳኩም። ጆሯቸውን አላስጠጉም። ወዴት ነህ ብለው ያልጠየቁት በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እሱን ብቻ ይመስለኛል። ቆጣሪውን ሰዉ እንዲያየው አድርገው ቀዱና ልኩ ከመድረሱ በፊት ምላጩን ለቀቁት። ከልኩ እንኳ አጎደሉበት።

አህመድ መስኮቱን ተደግፎ አያቸው። «አባ፣ ወደ ላይ ነኝ እኮ» አለ።

«እንደ ሰዉ ነህ» አሉት።

ልጁ አስነሥቶ ሄደ። ሰልፉ አጉረመረመ፣ በምስጋና። ጨዋ ማለት እንዲህ ነው፣ ለልጁ እንኳ አላዳላም አሉ። እኔም በሳቸው ኮራሁ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፣ ሲገድል እያስመሰገነ ነው።

የሆነውን የነገረን ረዳቱ ነው፤ ከአህመድ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነበር። ከደብረ ሲና በላይ፣ የጣርማ በር ዋሻ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጉም ወርዶ ነበር። ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ጠፋ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ጣለ፤ ድንጋዩ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። ሌላ ድንጋይ ሊያነሣ ሲሮጥ አህመድ ፍሬን ይዞ ነበር። ንፋሱ እስኪያልቅ ያዘው። ከዚያ መኪናው ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባ። ረዳቱ የሚለው ይህን ነው፤ ጉሙ ዋጠው፣ ድምፁ የተሰማው ቆይቶ ነው። የኋላ ኋላ መኪናው ከገደል ሲወጣ ጋኑ አልተቀደደም ነበር። ናፍጣ ነበረበት። ሜዳ ቢሆን የሚያስኬድ ናፍጣ።

ጋሽ ሁሴን አላለቀሱም። የአላህ ቀደር ነው ብለው ለቅሶውን ተቀምጠው ሥራ ተመለሱ። ወዴት ነህ ይላሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ይቀዳሉ። ጠንካራ ሰው አልን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ነገሩ የጀመረው በቀትር ነው።

የኛን ቀትር የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳኝ ይችላል። ቆላ ውስጥ ቀትር ከሌሊት ይልቅ ያስፈራል። መንገዱ ጭር ይላል። የባጃጅ ሾፌሮች ባጃጃቸው ውስጥ እግራቸውን አውጥተው ይተኛሉ፣ አህያ እንኳ ግድግዳ ተጠግቶ ይቆማል። ትልልቆቹ በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ ዋርካ ሥር አትቀመጡ ይላሉ፤ ሰዓቱ የእነሱ ነው ይላሉ፣ እነሱ እነማን እንደሆኑ ሳይናገሩ። እኔ ያን ጊዜ የዘይቷ ክፍል ውስጥ ገብቼ ምሳዬን እበላ ነበር። በመስኮት ቀና ስል ጋሽ ሁሴን ናፍጣው ፓምፕ ጋ ቆመዋል። ቱቦውን አውጥተው ዘርግተው ይዘዋል። ፊታቸው መኪና የለም። ቱቦውን የያዙት የጭነት መኪና ጋን በሚሆንበት ከፍታ ላይ ነው፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ፀሐይ መትቷቸው ነው ብዬ ውሃ ይዤ ልወጣ ስል ውሻውን አየሁት። ማደያው ውስጥ የሚኖር አንድ አሮጌ ውሻ ነበር፣ ሁልጊዜ ናፍጣው ፓምፕ ፊት ነው የሚተኛ። መኪና ሲገባ ብቻ ነው የሚነሣው፤ ግድግዳው ጋ ሄዶ ይቆምና መኪናው ሲወጣ ተመልሶ ይተኛል። ያኔም ግድግዳው ጋ ቆሞ ነበር። ጋሽ ሁሴን ቱቦውን መልሰው ሲሰቅሉ ውሻው ጥቂት ቆይቶ፣ አንገቱን በመንገዱ አቅጣጫ አዙሮ አይቶ፣ መጥቶ ቦታው ላይ ተኛ። የያዝኩትን ውሃ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

በስመ አብ ብዬ ወጣሁ። ማን ነበር ጋሼ አልኳቸው።

«አህመድ ነዋ» አሉኝ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው በሚል ድምፅ። «ዳገቱን አልወጣም። አይበቃውም። እየተመለሰ ይጠብቀኛል።»

ታዲያ ቀዱለት ወይ አልኳቸው። ቆጣሪውን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሰም።

«በማን ናፍጣ?» አሉኝ ተቆጥተው። «የሰው ንብረት ነው። ድርሻውን ወስዷል።»

እንግዲህ ይህ በየቀኑ ሆነ። ልክ ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ፣ ዙሁር ሊሰግዱ ከመሄዳቸው በፊት፣ ቱቦውን ያወጣሉ። ልጃቸው ጋን አፍ ላይ ይደቅናሉ። ምላጩን ሳይስቡ ይቆያሉ፣ ይሰቅላሉ። ከዚያ ውሻው ይመለሳል። አንድ ቀን ደፍሬ አጠገባቸው ቆምኩ። ምንም አላየሁም፤ እግሬ ላይ ግን የሞቀ ሞተር ወበቅ መጣብኝ፣ ከፀሐይ ሙቀት የተለየ፣ ከጎን የሚመጣ። የሽንኩርትም ሽታ ነበር። ሽንኩርት ተሰብስቦ አልቆ፣ ማሳው ማሾ ሆኖ ነበር። ሮጬ ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሾፌሮችም ነገሩን ሰሙ። በቀትር ወደኛ የሚዞር መኪና ጠፋ፤ የሚያልፉትም መስኮታቸውን ዘግተው ነው የሚያልፉ። አቶ ደምሴ በመጨረሻ ጠርተውኝ፣ ሽማግሌውን እንግዲህ በክብር ማሰናበታችን ነው አሉ። ትንሽ ይታገሡ ብዬ ለመንኳቸው። ጋሽ ሁሴን ሥራ ቢያጡ ይሞታሉ የሚል ነበር ፍርሃቴ።

ሥራ ሳያጡም ሊሞቱ እንደሆነ የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ማደያው መጡ። እሳቸው ማደያ መጥተው አያውቁም። ላቫጆው ጀርባ ወሰዱኝና እጄን ያዙ። ባላቸው ከሰው ሁሉ ጋር አፉ መባባል፣ ይቅር መባባል ጀምረዋል። የተጣሉትንም ያልተጣሉትንም በየቤቱ እየዞሩ አፉ በለኝ ይላሉ። ነጭ ልብሳቸውን አሳጥበው አስቀምጠዋል። ለምን ብለው ሲጠይቋቸው ምን እንዳሏቸው እትዬ ዘሀራ በሹክሹክታ ነገሩኝ። «ልጁ ብቻውን ስለሆነ ነው ዳገቱ የሚከብደው ይለኛል። ሐሙስ አብሬው ወጥቼ ታኮ እጥልለታለሁ ይላል። ብርቄ ልጄ፣ አንዱን ጉሙ ወሰደው። ይህን አታስወስጂብኝ።»

ምን ላደርግ እችላለሁ አልኳቸው። እኔ እንጃ ልጄ፣ አንቺ ነሽ አጠገቡ ያለሽ ብለው ሄዱ።

ከዚያ እስከ ሐሙስ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ጸሎት ሞከርኩ፤ ጋሽ ሁሴንን ጠበል ልውሰድዎት ብዬ ጠየቅኩ፣ በሥራ ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁብኝ። አቶ ደምሴን ሐሙስ ማደያውን ይዝጉ አልኳቸው፤ ባለቤቱ ምን ይለኛል አሉ። እኔ ደግሞ በልቤ የማወጣ የማወርደው ሌላ ነገር ነበር። ያ ልጅ ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው? አባቱን ሊወስድ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን በወሰዳቸው ነበር። ተራውን ጠብቆ እንደሄደው ሁሉ አሁንም እየመጣ፣ አባቱ ፊት ቆሞ፣ ሳይለምን ይጠብቃል። አባቱ ደግሞ ልጃቸው ሞቶ እንኳ ከድርሻው በላይ ሊሰጡት አልቻሉም። ሰልፉ ከተበተነ ስንት ወር ሆኖት ሰዉ አሁንም እያያቸው ነበር።

ሐሙስ ቀትር ጋሽ ሁሴን ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። እጃቸውን በሳሙና ታጥበዋል፤ የናፍጣ ሽታ የሌለበት እጃቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። ፓምፑ ጋ አልቆሙም። ከፓምፑ አለፍ ብለው፣ የጭነት መኪና ሲቆም የረዳቱ በር የሚሆንበት ቦታ ላይ ቆሙና ጠበቁ። እኔ ከክፍሌ ወጣሁ።  መንገዱ ላይ አንድ ሰው የለም፤ አስፋልቱ ብቻ በሙቀት ይርገበገባል።

ውሻው ተነሣ። ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። ሽታው መጣ፣ ወበቁ እግሬን ነካኝ። ጋሽ ሁሴን ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ አንድ ነገር እንደሚይዝ ሰው፤ አንድ እግራቸውን ከመሬት አነሡ።

ቱቦውን ከፓምፑ መንጭቄ አወጣሁት። አሥር ጊዜ ያየሁት ቦታ ላይ፣ እሳቸው በሚደቅኑበት ከፍታ ላይ ደቀንኩትና ምላጩን ሳብኩ። ናፍጣው ጫማዬ ላይ ሲፈስ ለመስማት ጥርሴን ነክሼ ነበር። አልፈሰሰም። ቱቦው እጄ ላይ ቀለለኝ፤ አፉ አንድ ነገር ላይ ተደገፈ። ከፊቴ፣ ባዶ አየር ውስጥ፣ ያ ወፍራም የባዶ ጋን ድምፅ መጣ። ቆጣሪው ይዞር ጀመር።

ጋሽ ሁሴን ዞር አሉ። እግራቸው አሁንም አየር ላይ ነበር። «ብርቄ፣ ተዪ። የሰው ንብረት ነው» አሉ። ቆጣሪው የአቶ ደምሴን ልክ አልፎ ነበር። «ከድርሻው አለፈ። ሰው ምን ይለናል?»

«እርስዎ አባት ነዎት፣ እርስዎን ይላሉ» አልኳቸው። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት ድምፄን ስሰማ ነው። «እኔ ባዳ ነኝ። እኔን ማን ምን ይለኛል?»

ምላጩን አልለቀቅኩም። ድምፁ ቀጠነ፣ ደግሞ ቀጠነ። ፉጨቱ መጣ፣ ለትንፋሽም አልተውኩለት። እስከ አፉ ሞላሁት። ከዚያ የቱቦው ክብደት ድንገት ክንዴ ላይ ተመልሶ መጣና ወደ ታች ወረደ። ወበቁ ጠፋ። ጋሽ ሁሴን የተነሣውን እግራቸውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አሳረፉት። ዓይናቸው ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ነገር ይከተል ነበር፤ የሚከተሉት ነገር ከከተማው መውጫ እስኪያልፍ ድረስ አንገታቸው ዞረ። ውሻው መጥቶ ተኛ።

እኔ ተንበርክኬ መሬቱን በመዳፌ ዳሰስኩት። ሲሚንቶው ትኩስና ደረቅ ነበር። ቀና ስል ቆጣሪው አንድ የጭነት መኪና ጋን የሚሞላ ናፍጣ ያሳያል። መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ያንን ናፍጣ በኋላ ከደመወዜ ቁረጡ ብዬ አስቆረጥኩ፤ ለማን እንደቀዳሁት አቶ ደምሴ አልጠየቁኝም፣ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ አስተካክለው ሌላ ነገር አወሩ። ከጋሽ ሁሴን ጋር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ስንሠራ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። በቀትርም የመጣ የለም።

ያን ዕለት ግን በነጭ ልብሳቸው መጥተው የፓምፑ ጠርዝ ላይ፣ ዘይት የጠጣው ሲሚንቶ ላይ፣ ቁጭ አሉ።

«ስንት ገባ?» አሉኝ።

ቆጣሪውን አነበብኩላቸው። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከዚህ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ጠመዝማዛው፣ ከጠመዝማዛው ዋሻው፣ ከዋሻው ወዲያ ሜዳው እስከ ደብረ ብርሃን። አንዷን ጣት ደጋግመው ቆጠሯት፣ ጭነቱን እያሰቡ ይመስለኛል።

«ይተርፈዋል» አሉኝ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸው ላይ ያዙና፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ አለቀሱ።